የጠዋቱ ፊርማ

እናትየዋ የፈረመችው ሰኔ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሆስፒታሉ በወረቀት ማስፈረም ትቶ ነበርና ነርሷ ታብሌት ዘረጋችላት።

«እማማ፣ ልጅዎ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት መስማማትዎን እዚህ መስታወት ላይ በጣትዎ ይፈርሙ። መጻፍ ካልቻሉ ደግሞ አሻራ...»

«ማን ነው የማይችል!» አለች እናትየዋ ቆጣ ብላ።

ስንዱ ተሽከርካሪ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች ሳቀች። «አደራ እማዬ፣ በጋውን ሙሉ ለፍቼብሻለሁ፤ እንዳታሳፍሪኝ!»

እናትየዋ ከንፈሯን ነክሳ፣ በዝግታ ሦስት ፊደል ጻፈች። ነርሷ ልብ ብላ ሳታየው ‹ላክ› የሚለውን ተጫነች። ‹ፊርማው በኢንተርኔት ተልኮ ተቀምጧል› የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ስንዱን እየገፉ አስገቧት።

በሕይወት አልወጣችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ያንኑ ታብሌት ይዛ መጣች። «አስከሬኑን ለመረከብም መፈረም ግድ ነው፣ እማማ። ከጠዋቱ ፊርማ ጋር ካልተመሳሰለ ደግሞ ሲስተሙ አይቀበልም» አለችና የተቀመጠውን ከፈተች። አየችው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ስም አይደለም። ስንዱ ነው የሚለው።»

«ሌላ መጻፍ አላውቅም» አለች እናትየዋ። «መጀመሪያ የኔን ልመጂ፤ ያንቺን ድኜ ስወጣ አስተምርሻለሁ ብላኝ ነበር።»

ነርሷ ታብሌቱን አስጠጋችላት። እናትየዋም እንደ ጠዋቱ በዝግታ ‹ስንዱ› ብላ ጻፈች። ሲስተሙ ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣቷ አሻራ ነው የምትፈርመው።