ታላቅ ይቅደም

ወይዘሮ አጸደ የስኳር በሽታ ላለበት የበኩር ልጃቸው በቀዱት ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩና «ይቀመጡ ጌታዬ፤ የማን ልጅ ነዎት?» አሉት።

ዘመኑ ዕድሜው ሰባ ያለፈ ሰው ትዝታ ከራሱ ወጥቶ፣ በልጆቹ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራ አንድ የኮምፒውተር ሳጥን የሚቀመጥበት ነው። የእሳቸው ሳጥን ትናንት መብራት ሲጠፋ ተበላሸ። እኔ ለጥገና ተጠርቼ እስክደርስ በኩሩ ወንድይፍራው ሊጠግነው ሞክሯል።

«ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ዲስኮቹን በዕድሜ ደረደርኳቸውና እንደ አዲስ አስነሳሁት። ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?»

ውጭ አገር ስማር ዋናውን ዲስክ አትንካ፣ ቅጂው ላይ ሞክር ብለውኛል። ታላቅን ስለማስቀደም ግን ማንም አላስተማረኝም። የሦስቱንም ልጆች ዲስክ ቀዳሁና ጠየቅሁ፦ «ዲስኮቹ መጀመሪያ በገቡበት ተራ ካልቆሙ ትዝታው አይገጥምም፤ ሳጥኑ ሲገጠም ዲስኩን ማን ቀድሞ አመጣ?»

ወንድይፍራው ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«እኔ» አለች የመጨረሻዋ ልጅ ስንዱ። «ቀጥሎ መካከለኛው ወንድማችን። ጋሼማ በሳምንቱ ነው ያመጣው፣ ያውም ተለምኖ።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» አለ ወንድይፍራው።

እየተጠራጠርኩ ቅጂዎቹን እሷ እንዳለችው ደረደርኳቸው። ሳጥኑ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ወይዘሮ አጸደ ቀና ብለው በኩራቸውን ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ወንድይፍራው! ሰርግ ቤት የፊት ወንበር መሻማትህ አነሰህና ጭንቅላቴ ውስጥም ፊት ልቀመጥ አልክ?»

ወንድይፍራው ሳቀ። እሳቸው ግን የሻይ ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቀው ቀመሱት።

«ደግሞ ይህን ሁሉ ስኳር ማነው የሰጠህ? ሊገድሉህ ነው?»

ሁላችንም ጣሪያውን አየን።