ጤነኛው እስክሪብቶ

አለቃው የበሽተኛ ጣት ላይ የሚሰካውን መቆንጠጫ የራሱ ጣት ላይ ሰክቶ፣ የልብ ምት መከታተያውን መሣሪያ ሊገዙ በመጡት ሰዎች ፊት ደረቱን ነፋ። ስክሪኑ ላይ የልቡ ምት ሰባ ሁለት አለ። «ይኸው! እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው!» ጥግ የተቀመጠችው ፕሮግራመር ገላመጠችው። ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰውን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ነበረች፤ ትናንት ሎክ የሚባለውን መቆለፊያ ከውስጡ ያወጣው ግን እሱ ነው።

«ሎኩ ያንቀራፍፋል፤ አንቺ ደግሞ ፍርሃት ታበዣለሽ» ነበር ያላት። የትኛው ምልክት እንዲሰማ፣ የትኛው እንዲታፈን የሚወስነውን ማስክ ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች ባንዴ ከነኩት፣ አንዱ የሌላውን ለውጥ እንደሚያጠፋው፣ «አዲስ ምስል ደርሷል» የሚለው ምልክትም ታፍኖ ስክሪኑ ባለበት ደርቆ ሊቀር እንደሚችል ስትነግረው አዛጋባት። ሎኩ ተራ ማስከበሪያ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተራ መጠበቅ ሊፍት በር ላይ እንኳ አይሆንለትም።

አሁን መቆንጠጫውን ከጣቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና ስለ ጥራት መደስኮሩን ቀጠለ። ከኋላው ሰባ ሁለቱ ንቅንቅ አላለም። ከገዢዎቹ ጋር የመጡት አሮጊት ሐኪም መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ። ብድግ ብለው ከአለቃው የደረት ኪስ እስክሪብቶውን መዘዙና መቆንጠጫውን ሰኩበት። ሰባ ሁለት።

«እስክሪብቶህ ጤነኛ ነው፤ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል» አሉት። «አንተም አብረኸው ሂድ፣ የኔ ልጅ።»