የታጠበው መስመር

ማያሪ መስመሩን በማርከር ታሰምራለች። አያታለሁ። አምስት ቀጫጭን ወረቀቶች ደርድራ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ በጥቁር ማርከር ግርጌያቸውን ታሰምራለች። በእርሳስ መሆን ነበረበት። መምህራችን ሚስ ክሌሰን ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ነግረውናል፦ የእርሳስ መስመር ውሃ ቢነካው ንቅንቅ አይልም፤ የማርከር ቀለም ግን ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ምርመራውን ያበላሻል። ያን ቀን ማያሪ ጥርሷን ልትታከም ሄዳ ቀርታ ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀራል ይላል። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፍስም።

ለምን ብትሉኝ፣ ቀንቼ ነው። ኔሊ በፎረንሲክ፣ ማለትም በወንጀል ምርመራ ውድድሩ የክፍላችን ዋና መርማሪ ናት፤ ረዳቷን የምትመርጠው ራሷ ናት። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ኔሊ የምትመርጠው እኔን ነው፤ ለጨዋታም፣ ለቤት ሥራም፣ ለአውቶቡስ ወንበርም። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገባንና መስከረም ላይ ከሬጃይና የመጣችውን ማያሪን መረጠች። ካሸነፍን ሁለቱ በአውሮፕላን ቶሮንቶ ይሄዳሉ፤ መዋኛ ያለው ሆቴል አንድ መኝታ ቤት ይይዛሉ። እኔ እዚሁ ዊኒፔግ በረዶ ስጠርግ እከርማለሁ። ለጊዜው ደግሞ የጫማ ዱካ ለኪ ተብዬ መስኮቱ ሥር ተጥያለሁ፤ ከእነሱ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ርቄ።

"ጆሲ፣ ዱካው ስንት ሆነ?" ትለኛለች ኔሊ ቀና ሳትል።

"ሃያ ስምንት ተኩል።"

"ጎበዝ።"

ጎበዝ። ኳስ ላመጣ ውሻ እንደሚባለው።

ጉዳዩ ቀላል ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት የሆኪ ዋንጫ ተሰርቋል፤ ሌባው "ከቻላችሁ ፈልጉኝ" ብሎ በጥቁር ቀለም ጽፎ ሄዷል። አዘጋጆቹ ጽሑፉን ከአራት ተጠርጣሪዎች እስክሪብቶ ጋር በሣጥን ልከውልናል፦ የወጥ ቤቷ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የአውቶቡሱ ሾፌርና የዳይሬክተሯ። ከየቀለሙ አንዳንድ ጠብታ በየወረቀቱ መስመር ላይ ይደረግና ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ውሃው ሲወጣ ጥቁሩ ቀለም ወደ ተሠራባቸው ቀለሞች ይበተናል፤ ከሌባው ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰለው ሌባውን ያጋልጣል።

ማያሪ ወረቀቶቹን በየብርጭቆው ውሃ ውስጥ ታቆማለች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ኔሊ የሆነ ነገር በጆሮዋ ትነግራታለች፤ ማያሪ ጓንት ባጠለቀ እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔን እያሙ ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ጭራሽ ስሜን ባያነሱስ? እላለሁ። ይሄኛው ባሰብኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?" ትላለች ኔሊ ቆይታ።

አምስቱም አንድ ናቸው። ከታች ሐምራዊ፣ ከላይ ሰማያዊ፤ ልዩነት የላቸውም።

"ተባብረው ነዋ የሰረቁት" ይላል ዳርሲ ከኋላ። ሁሌም ከኋላ ነው የሚያወራው። "ዳይሬክተሯ በር ጠብቃ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ ወጥ ቤቷ ስንቅ ቋጥራ።"

ክፍሉ ይስቃል። ማያሪ አትስቅም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም" ትላለች።

አሁን ኔሊ ትቆጣታለች ብዬ እጠብቃለሁ። ኔሊ ግን እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ "አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ አብረን እናገኘዋለን" ትላታለች።

ይሄን መቻል አቃተኝ። ብድግ አልኩ።

"መስመሩ ነው" አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። "በማርከር ነው ያሰመረችው። በእርሳስ ነበር መሆን ያለበት። ትርፍ ወረቀት አለ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቶናል፣ ይበቃናል።"

ዳርሲ ጠረጴዛውን ይደበድባል። መርዳት የተከለከሉት ሚስ ክሌሰን እፎይ ብለው ወንበራቸው ላይ ይደገፋሉ። ማያሪ ሮጣ እርሳስ ታመጣለች። "ጆሲ፣ አዳንሽኝ፣ እግዜር ይስጥሽ" ትለኛለች፤ ከልቧ ነው። እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

አዲሶቹ ወረቀቶች ውሃ ውስጥ ከቆሙ በኋላ ኔሊ ከአሮጌዎቹ አንዱን በወረንጦ አንስታ፣ ወደኔ መጥታ በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች። ታገላብጠዋለች። መስመሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ነው።

"ታጥቧል" ትላለች ቀስ ብላ፣ ለኔ ብቻ። "መስመር የሚባል ነገር የለም እዚህ ላይ።"

"እና?"

"በማርከር መሆኑን በምን አወቅሽ?"

ገመትኩ ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳይ ዘጋሁት። ስዋሽ ግራ ጆሮዬ እንደሚቀላ የነገረችኝ እሷው ናት።

የምርመራ ቅጹን ትዘረጋለች። ትጽፋለች፤ እኔም ከላይ ሆኜ አነባለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ምክንያት፦ የማርከር መስመር። ያየው ሰው፦ ጆሲ። የታየበት ሰዓት፦

እዚያ ላይ ትቆማለች። "ስንት ደቂቃ ሲቀር ነው ያየሽው?"

"ሠላሳ አምስት" አልኳት።

ኔሊን አምስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ሚሊሜትር እንኳ ስትሳሳት አላየኋትም። ጎንበስ ብላ "18" ብላ ጻፈች።

"ኔሊ፣ እኔ..."

"ላንቺ ብዬ አይደለም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ማያሪ ታነበዋለች። እንደዚህ እንዳደረግሻት እንድታውቅ አልፈልግም።"

"ኔሊ! ነይ እዪ፣ ቀለሞቹ ተለያዩ!" ትላለች ማያሪ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ።

ኔሊ ወረንጦውን አስቀምጣ ትሄዳለች። ክፍሉ ሁሉ ተነስቶ ይከባቸዋል። እኔ ከቅጹ ጋር መስኮቱ ሥር እቀራለሁ።