የባንቴ ዓሦች

ሾፌሩ ባንቴ በጋላፊ መንገድ ላይ ከሞተ አርባ ቀን አልፎታል። ቀለበቱ ከጣቱ አልወጣ ብሎ አብሮት ተቀበረ። ለሚስቱ ለፀዳል የቀራት፣ ጅቡቲ ከተማ ፔካ 12 ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ በእጁ የሠራው የዓሣ በርሜል ነው፤ የዓሦቹን ቆሻሻ ያዘለው ውሃ በፓምፕ እየወጣ ጠጠር ላይ የተተከለውን ጎመን ይመግባል።

ባንቴ መኖ ከመበተኑ በፊት በርሜሉን በቀለበቱ ሦስት ጊዜ ያንኳኳ ነበር። ፀዳልም በማንኪያ ታንኳኳለች፤ ዓሦቹ ግን ከሥር አይወጡላትም። እነሱ ካልበሉ ጎመኑም አይለመልም።

"ዓሣም ያኮርፋል እንዴ?" አለች ጎረቤቷ ነጃት፣ በቀትር ወጥ ቤት ተቀምጣ ወደ ቢጫ መምታት የጀመረውን ጎመን እየከተፈች።

"እንደ ባለቤታቸው ግትር ናቸው" አለች ፀዳል፣ ሽንኩርቱን እያማሰለች። "እነሱም ከሞቱብኝ፣ የእሱ የምለው ምን ይቀረኛል?"



ያን ጊዜ ከጓሮ ቀለበት ብረት ሲመታ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ነጃት ተነሥታ በመስኮት ተመለከተች። ሰው የለም። ውሃው ላይ መኖ ተበትኗል፤ ዓሦቹ ሁሉ ወጥተው ይሻማሉ።

"ፀዳልዬ፣ ማነው?"

ፀዳል ዞራ አላየችም። ከመደርደሪያው ሦስተኛ ሳህን አወረደች።