የጉሬዛ ጥሪ

ውሻውን ጉሬዛን በግ መመለስ ያስለመደችው የሰውየው ሚስት ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ ውሻው ሥራውን እርም አለ። ሰውየው ቢያፏጭ፣ ቢቆጣ፣ አጥንት ቢወረውርለት የቤቱን በር ያያል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ክረምቱ ሲወጣ ግን በጎቹ በሰዓታቸው ይገቡ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ጎረቤቱ እማማ ዘርፌ ማሰሮ ጠላ አንጠልጥለው መጡ።

“እንኳን ደስ ያለህ! ሙሽራዋን ደበቅካት እንጂ ስትጣራስ በየምሽቱ እንሰማታለን። ድምጿማ ቁርጥ የሟቿን፣ ነፍሷን ይማርና። እስቲ ጥራትና ልመርቃት።”

 ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ በጎቹ ገና ማዶ ናቸው። ሰውየው ደጅ ወጣ፤ ጉሮሮውን ጠራረገና ዓይኑን ጨፍኖ በቀጭን የሴት ድምፅ ተጣራ፦

“ጉሬዛዬ! ልጆቼን ይዘህልኝ ና!”