ስሙ የተጠራበት መዝሙር

ባሏ ከዘመተ ጀምሮ፣ በየንጋቱ ዳዊቷን ገልጣ አንዲት መዝሙር ትደግማለች። "ጠላት ለበዛበት ሰው የምትደገም ናት" ብለዋት ነበር፣ ጎረቤቷ እማሆይ። ግዕዙን ማንበብ እንጂ ትርጉሙን አታውቅም። ብቻ ደግማ ስትጨርስ የባሏን የክርስትና ስም ትጠራለች።

ድምፁ ከጠፋ ሰነባብቷል። ዛሬ ልጇ ከሰንበት ትምህርት ቤት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ስትመጣ ደስ አላት።

"እስቲ ያቺን መዝሙር አንብቢልኝ፤ እግዜርን ምን እያልኩት እንደሆነ ልወቅ።"

ልጅቷ ትንሽ አነበበችና ቆመች።

"እማዬ፣ የማንን ስም ነው የምትጠሪበት?"

"የአባትሽን ነዋ! ቀጥዪ እንጂ።"

ልጅቷ ቀና ሳትል ቀጠለች።

"ሚስቱ መበለት ትሁን፣ ልጆቹም ያለ አባት ይቅሩ ይላል።"