በበሩ በኩል

የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለግምገማ ሲገባ ሠራተኞቹ ሁሉ በሩ ሥር ተፋፍገው ተቀምጠዋል። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«ምነው? እበላችኋለሁ እንዴ? ጠጋ በሉ እንጂ!» አለ እየሳቀ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ዛሬ በግልጽ እንነጋገር። እውነቱን የተናገረ ሰው ምንም አይደርስበትም።»

አንዱ ተነሥቶ አመራሩን አመሰገነ። ሁለተኛውም ያንኑ ደገመ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ውዳሴ አልጠየቅኋችሁም! ከእኔ የምትደብቁት ነገር የለም?»

የቦይለር ክፍሏ ትሁኔ ቀስ ብላ ተነሣች። ደመወዟ የሦስት ልጆቿ እንጀራ ነው።

«አለ፣ ጋሼ።»

«እሰይ! አይዞሽ፣ ተናገሪ።»

«የቦይለሩ ማስተንፈሻ ከጠዋት ጀምሮ ተደፍኗል። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እየታመቀ ነው።»

«የትኛው ቦይለር?»

«ከጀርባዎ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው።»

ሥራ አስኪያጁ ዞሮ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ወንበሩን ገልብጦ ብድግ አለ።

«ታዲያ ለምን አታጠፉትም?»



«ባለፈው ወር ባልደረባችን ሞላልኝ ሳያስፈቅድ ቢያጠፋው እርስዎ አባረሩት» አለች ትሁኔ። «አሁን ይፈቅዱልናል?»